ለዘፈን መቶ ሺህ፣ ለሰው አንድ ሺህ

በ1996 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን አወጣ። የአንድ ድምፃዊ ዘፈን ወይም የአንድ ደራሲ መጽሐፍ ያለፈቃዱ ተባዝቶ ቢሸጥና ባለመብቱ ቢከስ፣ ከቁሳዊ ኪሣራው ሌላ ለሞራል ጉዳቱ የሚወሰንለት ካሣ ከ100,000 ብር ሊያንስ አይችልም ይላል። መልካም ሕግ ነው። ሰው የለፋበትን ሲቀማ የሚሰማው ሕመም ዋጋ እንዳለው መንግሥት አምኖ የጻፈበት ነው።

በዚያው አገር፣ በዚያው ፍርድ ቤት፣ አንዲት እናት ልጇ በሐኪም ጥፋት ሞቶባት ለሐዘኗ ካሣ ብትጠይቅስ? ዳኛው የሚገልጠው በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 2116፣ ንዑስ ቁጥር 3። ለሞራል ጉዳት የሚቆረጠው ካሣ በምንም ምክንያት ከ1,000 ብር አይበልጥም። ለዘፈኑ መነሻው መቶ ሺህ፤ ለልጁ ጣሪያው አንድ ሺህ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። የሚያቃጥለኝ የገንዘቡ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ድሃ አገር ነን» ብዬ እተወው ነበር። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። በሕክምና የተጎዳን ሰው መብት ለማቆም የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ሕግ የማውጣት ችሎታው፣ የመድን ልምዱ፣ የመንግሥት ትኩረቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ እጃችን የገባበት አሥር ዓመት ነበረን። ከ1996 እስከ 2006 ዓ.ም.። ያን አሥር ዓመት እንደዋዛ አሳለፍነው።

የ1952ቱን ሕግ የጻፉትን አልወቅስም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ረቂቁን ባዘጋጀበት ዘመን ዶላር በ2 ብር ከ50 ገደማ ይመነዘር ስለነበር 1,000 ብር ማለት ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ለብዙ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ያው 1,000 ብር 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ሕግ አውጪዎቹ ያኔ የወሰኑት ገንዘብ ገንዘብ ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳንነካው የኖርነው እኛ ነን።

እንዲያውም ስለ ሐኪምና ስለ ታካሚ ያ ሕግ አርቆ ያሰበ ነበር። ሐኪም በጽሑፍ ግዴታ ካልገባ በቀር «አድንሃለሁ» ብሎ ዋስ አይሆንም ይላል፤ የሰው ልጅ ሟች መሆኑን ያውቃልና። የሙያውን ደንብ ጥሶ ሲያጠፋ ግን ይጠየቃል። ቁጥር 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙ በሚቀጥራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ጥፋት በታካሚው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው ሲል ደነገገ። ስለዚህ የተጎዳው ሰው የሌሊት ተረኛዋን ነርስ ስም ፍለጋ መንከራተት የለበትም፤ ተቋሙን ይዞ መቆም ይችላል። መሠረቱ ተጥሎ ነበር ማለት ነው።

ለቁሳዊ ጉዳትም ቢሆን ሕጉ ጣሪያ አላበጀለትም። የደረሰው ጉዳት ያህል ይካሳል። ችግሩ ቁሳዊ ጉዳት የሚሰላው በገቢ መሆኑ ነው። ደመወዝተኛ ሰው እጁ ቢሽመደመድ የሚባዛና የሚደመር ነገር ይገኛል። ሞት ሲሆን ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጅና ለልጅ መተዳደሪያ ይቆረጣል፤ እሱም ሟቹ ይረዳቸው ለነበሩት ነው። የሦስት ቀን ሕፃን ማንን ይረዳል? ሥራዋ ጓዳዋ የሆነ እናት በስንት ብር ትሰላ? ለእነዚህ በተግባር የሚቀራቸው የሞራል ካሣ ነው፤ እሱም ያው አንድ ሺህ ብር። በሕክምና ጥፋት አቤቱታ ዙሪያ የቆየ ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ አቤቱታ ከሚበዛባቸው ክፍሎች ዋናው የማህፀንና ጽንስ ክፍል ነው። ሕጉ በጣም የሚጨክነው ብዙ ጉዳት በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው።

ወደዚያ አሥር ዓመት ልመለስ። የዘፈኑ አዋጅ በወጣበት በ1996 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀል ሕግም ታወጀ። ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ለይቶ ቅጣቱን ያከብድበታል፦ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ። በምሳሌነት የሚጠራቸው ሁለት ናቸው። ሐኪምና አሽከርካሪ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ጎን ለጎን።

ከአራት ዓመት በኋላ ከሁለቱ ለአንዱ ታሰበለት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መኪና ያለው ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገደደ። በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተሻሻለ። ሚኒባስ ስትሳፈሩ የፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፋ የምታዩዋት ስቲከር የዚህ ሥራ ውጤት ናት። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ባለቤቱ ባይታወቅ እንኳ ተጎጂውን የሚክስ የመድን ፈንድ ተቋቋመ። ማንኛውም የመኪና አደጋ ተጎጂ ጥፋተኛው ማን ነው ሳይባል እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ተወሰነ። ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ተመደበ። ገንዘቡ ያኔም ትንሽ ነበር። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው፦ የተጎዳው አስቀድሞ ይታከም፣ ይካስ፤ የማን ጥፋት ነው የሚለው ክርክር ከኋላ ይምጣ። እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ እንችል ነበር። አስበንም ሠርተነዋል።

ታዲያ በሕክምና የተጎዳው ሰው ለምን ቀረ? በዚያው ሰሞን እኮ የጤናው ሕግ ከሥር ከመሠረቱ እየተጻፈ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661 ወጣ። በ2006 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ተከተለው። ስለ ባለሙያ ፈቃድ፣ ስለ ታካሚ ፈቃድና ምስጢር፣ ስለ ሥነ ምግባር በዝርዝር ተጻፈ። የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሕጋዊ መልክ ያዘ። ኮሚቴው አቤቱታ ይመረምራል፣ ማስጠንቀቂያና የፈቃድ እገዳ እንዲወሰን የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ሲጠይቁት የሙያ አስተያየት ይሰጣል። የሚያስፈልግ ሥራ ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሙያ ባልደረባቸውን መዝገብ በሐቅ የሚመረምሩ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ለተጎዳው ሰው ግን አምስት ሳንቲም የመወሰን ሥልጣን የለውም። ያን ሁሉ ገጽ ስንጽፍ፣ ያን ሁሉ ስብሰባ ስንሰበሰብ፣ «ካሣ» የምትለዋን ነገር ለ1952ቱ ሕግ ትተን አለፍን።

ደንብ 299 ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2013፣ ሩዋንዳ የሕክምና ሙያ ኃላፊነት መድንን የሚደነግግ ሕግ አወጣች። ሀብታም ስለሆነች አይደለም። ከዘር እልቂቱ ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ሐኪሞቿ በጣት የሚቆጠሩ አገር ነበረች። ግን ሕዝቡን ወደ ጤና ተቋም ስትጠራ፣ እዚያ ሲጎዳ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄም አብራ አነሳች። እኛም በዚያው ዓመት ሕዝባችንን እየጠራን ነበር። ጥያቄውን አላነሳንም።

የጠራንበትን መንገድ ታስታውሳላችሁ። «እናት ሕይወት ስትሰጥ ሕይወቷን ማጣት የለባትም» እየተባለ በየወረዳው አምቡላንስ ታደለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ፣ የልማት ቡድን ሴቶች ነፍሰ ጡር ጎረቤታቸውን እየመዘገቡ አሳወቁ። ውጤቱ የሚያኮራ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26 ደረሱ፤ በ2011 ዓ.ም. 48። በስምንት ዓመት ውስጥ አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው። ነገር ግን እናቷ በልምድ አዋላጅ እጅ የወለደቻትን ሴት «ተዪው፣ ወደ እኛ ነይ» ብሎ የጠራ መንግሥት፣ በእሱ አልጋ ላይ፣ በእሱ ሠራተኛ እጅ፣ ሊቀር በሚችል ጥፋት ብትጎዳ አንድ ነገር ዕዳ አለበት። የጥሪውን ግማሽ ፈጽመን የዕዳውን ግማሽ ተውነው።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል ሥርዓት አለ። እናት ስትሞት ባለሙያ ወደ ቤቷ ሄዶ ባሏን፣ እናቷን፣ ጎረቤቷን ይጠይቃል፦ ምጡ መቼ ጀመረ፣ አምቡላንስ መቼ ተጠራ፣ መቼ ደረሰ፣ ሆስፒታል ስትገባ ማን አያት። መልሱ ያለ ስም፣ ያለ ወቀሳ ተጠናቅሮ ለትምህርት ይውላል። ዓላማው ሌላዋን እናት ማዳን ስለሆነ አልቃወመውም፤ ሰው ሳይፈራ እውነቱን እንዲናገር ወቀሳ መቅረቱም ትክክል ነው። ግን አስቡት። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ የሚያውቀውን ሁሉ ለመንግሥት ይነግራል፤ መንግሥት ያወቀውን ግን ለቤተሰቡ የሚነግርበት ሕግ አላበጀንም። አንድ መስመር መጨመር ነበር የሚያስፈልገው።

አንድ የማውቀው ጎልማሳ አለ። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ማታ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ገባች። «ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል» ተባለ፤ ፎርም አምጥተው አስፈረሙት። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ሳያነበው ፈረመ። ማን ያነበዋል በዚያ ሰዓት? ከፈረመ በኋላ ግን ሰዓታት አለፉ፤ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል የገባችው ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ነው። ሕፃኑ ተረፈ። እሷ ደም ፈሷት አረፈች። «ለምን ዘገየ?» ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ፈርመህ የለም እንዴ?»

ይህች «ፈርመሃል» የምትባል ነገር በአገራችን ስንቱን አፍ አስይዛለች! የስምምነት ፎርም ማለት ለሕክምናው ፈቃድ ሰጥቻለሁ፣ በጥንቃቄ ተሠርቶም ሊያጋጥም የሚችለው አደጋ ተነግሮኛል ማለት ነው። ብታጠፉም አልጠይቅም ማለት አይደለም። ይህን ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው የለም። አስፈራሚውም ራሱ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። ሬሳዋ ምኒልክ ሆስፒታል ሄዶ ይመርመር የሚል ሐሳብ ሲነሳ «ደግማችሁ አትግደሏት» አሉ። ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። የሞቷ ምክንያት አብሯት ተቀበረ። እሱ ግን አልተኛም፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፣ ካርዷ እንዲሰጠው ካርድ ክፍል ጠየቀ። ካርድ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ አይወጣም አሉት። ፖሊስ የኮሚቴውን አስተያየት ጠበቀ፤ ዓቃቤ ሕግ ፖሊስን ጠበቀ፤ እሱ ደግሞ ሁሉንም ጠበቀ። በመጨረሻ መዝገቡ በማስረጃ እጦት ተዘጋ። ያኔ ወደ ጠበቃ ሄደ። ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ከውል ውጭ የሚጠየቅ ካሣ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል። ነገር ግን ዓቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘግቶ ሳለ ወንጀል ነበር ብሎ ማስረዳት ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየውን የጎዳው ደግሞ ሕጉ ሳይሆን አለማወቅ ነው። ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀል ችሎቱ ነፃ መልቀቅ እንደማይታሰር በግልጽ ይናገራል። የወንጀሉን ውጤት መጠበቅ አልነበረበትም። በመጀመሪያው ወር መክሰስ ይችል ነበር። ማን ነገረው? ፖሊስ ጣቢያም ካርድ ክፍልም ያየው ሰው ሁሉ «ጠብቅ» ነበር ያለው።

ሕፃኑ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ይህ ነገር ሐኪሞቹንም በድሏል። የካሣው በር ሲዘጋ ሰው የሚሮጠው ወደ ተከፈተው በር ነው፤ የተከፈተው የወንጀል በር ነው። ስለዚህ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ፖሊስ ይዞ ይመጣል። ሠላሳ ስድስት ሰዓት ሳይተኛ የሠራ፣ ደም ባንክ ደም አጥቶ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ አጥቶ የቆመ ወጣት ሐኪም እንደ ነፍሰ ገዳይ ጣቢያ ይወሰዳል። ጥፋቱ የሥርዓት ሲሆን ተጠያቂው አንድ ሰው ይሆናል። እሱ ቢታሰር ለሟች ልጅ ወተት አይገዛም። ቢለቀቅም የተማረው ነገር መደበቅን ነው፤ ካርድ ላይ እውነቱን ያለመጻፍን፣ አስጊ ታካሚን ሪፈር ጽፎ ወደ ሌላ መግፋትን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ብዙ ሰው ተቆጥቷቸዋል። እኔ የታየኝ ግን ያው ያባከንነው ዕድል ነው። በወንጀል ሕጉ ከጎኑ የቆመው አሽከርካሪ ቢሳሳት ከኋላው መድን ሰጪ አለው፤ ለሐኪሙ ይህን አላዘጋጀንለትም።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንደፈታው በ1996 ዓ.ም. የተሰወረ ነገር አልነበረም። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአደጋ ሁሉ የሚከፍል የካሣ ድርጅት ሥራ አስጀምራ የሕክምና ጉዳትንም እዚያው አስገብታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሐኪሙን ጥፋት የማስረዳትን ግዴታ ጨርሳ አነሳች። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1975 የታካሚ መድን ጀመረች፤ እዚያ ዋናው ጥያቄ «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ጉዳቱ ሊቀር ይችል ነበር ወይ?» ነው። ሐኪሙ ራሱ ታካሚው ፎርም እንዲሞላ ይረዳዋል፤ የሚያስፈራው ነገር የለምና።

የአሜሪካው መንገድ አያስቀናኝም። እዚያ ያለው ወገናችን በየአውራ ጎዳናው የጠበቃ ማስታወቂያ ስለሚያይ የተጎዳ ሁሉ የሚካስ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት 1,452 የሕክምና ጥፋት መዝገቦችን መርምሮ፣ ለካሣ ከሚወጣው እያንዳንዱ ዶላር አንጻር 54 ሳንቲም ለጠበቃ፣ ለባለሙያ ምስክርና ለፍርድ ቤት ወጪ እንደሚሄድ፣ አንድ መዝገብ እስኪዘጋም ከጉዳቱ ጀምሮ በአማካይ አምስት ዓመት እንደሚፈጅ አሳይቷል። ካሊፎርኒያ ደግሞ የእኛን የመሰለ ኃጢአት ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1975 ለሕመምና ለሐዘን የሚከፈለውን ካሣ በ250,000 ዶላር ገድባ፣ ኑሮ ሲንር ቁጥሩን ሳትነካ 47 ዓመት ቆየች። ሕፃን የሞተበት ቤተሰብ ጉዳዩን የሚይዝለት ጠበቃ እስከ ማጣት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የተጎጂ ቤተሰቦችና ደጋፊዎቻቸው ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ ሊያቀርቡት ሲሉ ሕግ አውጪው ተደራደረ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ጣሪያው ለጉዳት 350,000፣ ለሞት 500,000 ሆኖ በየዓመቱ እያደገ በአሥር ዓመት ውስጥ 750,000 እና 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲደርስ ተወሰነ። ያንን ቁጥር ያስነሱት ሐዘንተኞች ናቸው። የእኛዎቹ ሐዘንተኞች ለየብቻቸው አልቅሰው፣ «ቀኗ ደርሶ ነው» ተብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር?» የሚል አይጠፋም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሙከራ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳ ተስፋፍቶ ሚሊዮኖች በየዓመቱ መዋጮ ይከፍሉበታል። ገበሬው በግ ሸጦ፣ እህል ሸጦ የሚያዋጣው ብር ነው። ያን መዋጮ ስንተምን ከእያንዳንዱ አባል ጥቂት ብር ለታካሚ ጉዳት ፈንድ እንለይ ብንል ኖሮ፣ መንግሥትም የድርሻውን ቢጨምርበት፣ የግል ሆስፒታሎች ፈቃድ ሲያድሱ ቢያዋጡበት፣ ዛሬ ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረ ፈንድ በኖረን ነበር። መሰብሰቢያው ነበር፤ መዝገቡ ነበር፤ በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና ሠራተኛ ነበር። የቀረው ማሰብ ብቻ ነበር። ያኔ ሕዝቡ አዲስ ነገር ለመቀበል ዝግጁ ነበር፣ ብሩም ይገዛ ነበር። ዛሬ በዚህ የኑሮ ውድነት፣ ስንት ጤና ተቋም በጦርነት በወደመበት አገር፣ ያንኑ ነገር መጀመር ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ሳስብ እጄን እነክሳለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አዲስ የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አጽድቋል። በአደባባይ የተነሳው ክርክር በአመዛኙ ስለ ሕይወት ማቆያ መሣሪያ መንቀልና በሕክምና ታግዞ ስለ መውለድ ነበር። ከባድ ጉዳዮች ናቸው፤ መነሳታቸውም ተገቢ ነው። ግን ያን ሰሞን በየቴሌቪዥኑ፣ በየሬዲዮው ለተጎዳ ታካሚ ካሣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የጮኸ አልሰማሁም። እኛ ጸሐፊዎች፣ ጠበቆች፣ የሕክምና ማህበራትም ዝም ብለን ነበር። አሥሩን ዓመት ያባከነው ዝምታ እንደገና ተመልሶ አየሁት።

ለተወካዮች የምለው አለኝ። ቁጥር 2116 ንዑስ ቁጥር 3ን ለማንሳት አንድ አንቀጽ ያለው አጭር ማሻሻያ ይበቃል። ጥናት አያስፈልገውም፣ የውጭ አማካሪ አያስፈልገውም፤ ዳኛው እንደ ጉዳቱ ይወስን ብሎ መተው ብቻ ነው። የመኪና አደጋ ፈንዱን ያቋቋመው እጅ የታካሚ ፈንድም ማቋቋም አያቅተውም። ሆስፒታል ለታካሚ ወይም ለሟች ቤተሰብ የካርዱን ሙሉ ቅጂ በቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ማስገደድ ደግሞ ከወረቀትና ከቶነር በቀር ምንም አያስወጣም። ይህን ባለማድረጋችሁ ስንቱ ቤተሰብ ይርጋ እያለፈበት ነው።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ፣ አያድርስባችሁና ቢደርስባችሁ፣ ይህን ያዙ። የፈረማችሁት ፎርም መብታችሁን አልወሰደም። ካርዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ እንቢ ቢሏችሁ እንቢታውንም በጽሑፍ ጠይቁ። የጠየቃችሁበትን ደብዳቤ ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ አስቀምጡ። ሰው ሞቶባችሁ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢመር፣ ከመቀበሩ በፊት አስመርምሩ። ፖሊስንም ኮሚቴንም አትጠብቁ፤ የካሣ ክስ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ ያላችሁ ሁለት ዓመት ነው።